ለአንድ ሰው የሚበቃ ወንዝ

ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር ሁሉ አንድም በፈጣሪ፣ አንድም በጎሹ እጅ ነው። ይህን የሚለው ጎሹ ራሱ ነው፤ ነገር ግን ደጋግሞ ከማለቱ የተነሳ አሁን አሁን ሌላ ሰውም ሲለው ይሰማል። ሥራው የጋራዥ በር መስቀል ነው። ደብሊን የሚባለው የከተማው ሀብታም ሰፈር ያሉ ሐኪሞችና የኩባንያ አለቆች ጠዋት መኪናቸው ውስጥ ቁጭ ብለው ሪሞታቸውን ጫን ሲያደርጉ፣ በሩ እንደ ቤተ መንግሥት መጋረጃ በክብር የሚነሳው እሱ ስለሰቀለው ነው። ጎሹ ባይኖር ግማሹ ደብሊን እስከ ዛሬ ጋራዡ ውስጥ ተቆልፎ ቁርሱን በመስኮት ይቀበል ነበር። አንድ ጊዜ እንዲያውም አውሎ ነፋስ መጥቶ አንዱን ቤት ከነጣሪያው ጠራርጎ ሲወስደው፣ ጎሹ የሰቀለው በር ብቻውን ቆሞ ቀረ። ባለቤትየዋ በማግስቱ መጥታ፣ ቤት በሌለበት፣ በልማድ ሪሞቷን ብትጫን በሩ ተከፈተላት።

"ዳድ፣ ኖ" ትላለች ልጁ ሀሴት ይህን ወሬ በሰማች ቁጥር። "ነፋሱ የወሰደው የዶሮ ቤት ነው። እሱንም ጎረቤት ግቢ ነው ያስቀመጠው።"

ሀሴት አፏን የፈታችው የአባቷን ቁጥር በማረም ነው። እሱ ሺህ ሲል እሷ መቶ፣ እሱ መቶ ሲል እሷ አሥር፤ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ያውም ቀና ብላ ሳታየው። ከእሷ የተማሩት የአገር ልጆችም የጎሹን ወሬ ለአሥር አካፍለው መስማት ለምደዋል። ጎሹ በዚህ አይቀየምም። ለአሥር ተካፍሎ የሚተርፍ ወሬ ያለው ሰው ሀብታም ነው ባይ ነው።

በዚህ ዓመት ሀሴት ከኮሌጅ በዲዛይን ልትመረቅ ነው። ለመመረቂያዋ ገና ያልመጣ ጊዜ ሠርተሽ አሳዪ ተባለች። እንዲህ ያለ ትምህርት አለ። ድሮ ነቢያት በነፃ ይሠሩት የነበረው ነው፤ አሁን በዲግሪ ሆኗል።

"አንድ ክፉ ነገር ሊመጣ ይችላል ብለህ ታስባለህ" ብላ አስረዳችው፣ አማርኛውን ከእንግሊዝኛው እያጣቀሰች። "ከዚያ እንደመጣ አድርገህ ትሠራዋለህ፤ ወንበሩን፣ ፖስተሩን፣ በሩን ሳይቀር። ሰው ዛሬ ገብቶ ያየውና ይደነግጣል። ዛሬ ከደነገጠ ነገ እንዳይመጣ ያደርጋል።"

"ማስፈራሪያ ነዋ።"

"ቆንጆ ማስፈራሪያ።"

ኢስተን የሚባለው የገበያ ማዕከል ካሉት ሱቆች መሀል ባዶ የነበረ አንድ ሱቅ ለተማሪዎቹ ተሰጣቸውና እሷም ማስፈራሪያዋን እዚያ ሠራችው። ጊዜው ከዛሬ አርባ ዓመት በኋላ ነው። ምድር ግላለች። ፍሎሪዳን ባሕር ውጧታል፣ ቴክሳስ እንደ ረመጥ ነዳለች፣ ውሃ ያለው ኦሃዮ ነው ተብሎ ዓለም በሙሉ ሻንጣውን ይዞ ወደ ኮሎምበስ ይተማል። ከተማው መግቢያ ላይ አንድ መሥሪያ ቤት አለ፤ "የአረንጓዴ ኦሃዮ መቀበያ" ይባላል። ግድግዳው በሙሉ ቅጠል ለብሷል። ከጣሪያው ወፍ ይዘምራል። ጸሐፊዋ ራሷ ሀሴት ናት፤ የቅጠል ቀለም ያለው ዩኒፎርም ለብሳ በፈገግታ ትቀበላለች። አንደኛው ፖስተር ላይ እናትና ልጅ ከትልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይስቃሉ፤ "ምድር አረፈች" ይላል ጽሑፉ። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ከዛፉ ጀርባ ከኮረብታው ማዶ ቀጭን አጥር አለ፤ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ጉንዳን የሚያካክሉ ሰዎች ተሰልፈዋል። ሌላኛው ፖስተር "አንድ ሰው ሲቀንስ አንድ ወንዝ ይተነፍሳል" ይላል። ጎሹ ይህን ሲያነብ ጀርባውን ቀዝቀዝ አለው፤ ከኤርኮንዲሽኑ ነው ብሎ አለፈው።

"እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት ናቸው?" አላት።

"ዛፍ የሚወዱ ናቸው፣ አባዬ። ዛፍ መውደድ ጥሩ ነው። ችግሩ የሚመጣው ዛፉን ወደው ሰውን እንደ አረም ማየት የጀመሩ ቀን ነው።"

በሩን የሠራላት ጎሹ ነው። እንዲህ ያለ በር የሰው ልጅ ከዋሻ ከወጣ ወዲህ አልተሠራም። ጎን ለጎን ሁለት መተላለፊያ፣ ሁለት አረንጓዴ መዝጊያ፣ ቁርጭምጭሚት አጠገብ ሁለት ሴንሰር። ጎብኚዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይቆማሉ። ከበላዩ በጣም ባማረ፣ በጣም በቀጠነ የእንግሊዝኛ ፊደል "ወንዙ ለአንድ ሰው ይበቃል፤ የቀደመ ይግባ" ተብሎ ተጽፏል። መጀመሪያ እግሩን ያስገባው ሰው በሩ ይከፈትለታል፣ ወፎቹ ይዘምሩለታል፣ ደረቱ ላይ የቅጠል ፒን ይደረግለታል። የሁለተኛው በር በዚያችው ቅጽበት ይቆለፍና አንዲት ማር የመሰለች የሴት ድምፅ "ስለ ምድር ስንል እናመሰግንዎታለን" ብላ ታሰናብተዋለች። ጎሹ ሴንሰሩን ከማስተካከሉ የተነሳ የአንዱ እግር ከሌላው በፀጉር ስፋት ቢቀድም በሩ ለይቶ ያውቃል። ችግር ቢፈጠር ብሎ ደግሞ ሁለቱንም በአንዴ የምትከፍት አንዲት ሪሞት ኪሱ አስቀመጠ።

ሱቁ ተከፈተ፤ ሰውም ገባ። ሲገቡ ግን ይስቃሉ። ባል ሚስቱን በክርኑ ገፍቶ ይቀድማል፤ ሚስት ከውጭ ቀርታ በሳቅ ትንፈራፈራለች። ልጆች አያታቸውን ጥለው ይሮጣሉ። ፒናቸውን ለጥፈው ከፖስተሩ ሥር ፎቶ ይነሳሉ። ጎሹ ጥግ ላይ ቆሞ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ እያየ ልቡ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ሀሴት ግን ከቀን ወደ ቀን ፊቷ ይገረጣል።

አንድ ቀን ማምሻውን ፕሮፌሰሯ መጣች፤ ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች፣ በክረምትም በብስክሌት የምትሄድ ሴት። ኮቷ ላይ በመክፈቻው ዕለት ያገኘችው የቅጠል ፒን አለ። ቆማ ሰዎቹን ስታይ ቆየችና ሀሴትን ወደ ጎን ጠራቻት።

"በጣም ያምራል" አለቻት። "ችግሩም እሱ ነው። እስካሁን በሩ ላይ ቆም ያለ አንድም ሰው የለም፣ ሁሉም ይሻማል። አንቺ ማስጠንቀቂያ ነው ትያለሽ፤ እኔ የማየው ለዚያ መሥሪያ ቤት የተሠራ ሪክላም ነው። ቅዳሜ ከመዘጋቱ በፊት እመለሳለሁ። አንድ ሰው እንኳ 'በዚህ በር አልገባም' ሲል ካላየሁ ይህን ሥራ ማሳለፍ ይከብደኛል።"

ወደ ሰፈራቸው ወደ ፎረስት ፓርክ ሲመለሱ ሀሴት መሣሪያ በተጫነበት ቫን ውስጥ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ዝም አለች። ጎሹ ዝምታ አይችልም፤ ቫኑ ውስጥ የታፈነ ይመስለዋል።

"ምን ያስጨንቅሻል? እምቢ የሚል ሰው ነው የጠፋው አይደል?"

"አዎ።"

"ታዲያ ሀበሻ ተሰብስቦ እምቢ ባይ ጠፍቶ ያውቃል?"

"ዳድ፣ ፕሊስ። ማንንም እንዳትጠራ።"

"ማንንም አልጠራም" አለ ጎሹ። ቃሉንም ጠበቀ፤ ማንንም አልጠራም። ነገር ግን ማውራትና መጥራት ለየቅል ናቸው።

ከሥራ በኋላ የአገር ልጅ የሚሰበሰብበት ጎማ ቤት አለ። ጎማው ደህና የሆነ ሰውም ይመጣል። በማግስቱ ጎሹ ገብቶ አሮጌ ጎማ ላይ እንደ ዙፋን ተቀመጠ።

"ልጄ ቢሮ ከፍታለች" አለ።

"የምን ቢሮ?" አለው አንዋር። አንዋር በዲቪ የመጣ፣ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚነዳ፣ አገር ቤት ስድስት ወንድሞች ያሉት ልጅ ነው። ከስድስቱ ቢያንስ አንዱ በየቀኑ ኮል ያደርግለታል።

"ወደፊት ዓለም ሲግል ኦሃዮ ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚባለው እዚያ ነው።"

"የመንግሥት ነው?"

"ከመንግሥት በላይ ነው። የወደፊት ነው።"

"ዲቪ ነገር ነው በለኛ።"

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን "ኧረ ኤግዚቢሽን ነው" ይል ነበር። ጎሹም ብሎታል፤ ግን ያለው በሆዱ ነው። በአፉ የወጣው "ዲቪ ከዚህ አጠገብ ሲቆም የዕቁብ ዕጣ ነው" የሚለው ሆነ።

"መቼ ነው የሚዘጋው?"

"ቅዳሜ።" ይህ እውነት ነበር።

"ብቻ ለብቻ ነው የሚገባው?"

"ሁለት ሁለት ሆኖ።" ይህም እውነት ነበር።

ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው ወሬውን ለአሥር አካፈሉት። ለአሥር ተካፍሎም ጥሩ ነገር ሆኖ ተረፈ። ከጎማ ቤት ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ መስጊድ ሲዞር ደግሞ በየስልኩ አንድ አንድ ነገር ተጨመረበት። ዘመድ ማስመዝገብ ይቻላል ተባለ። ፎቶ የማይጠየቅበት ዕጣ የለምና ፎቶ ያስፈልጋል ተባለ። ጸሐፊዋ የራሳችን ልጅ ናት ተባለ፤ ይህችኛዋ እንዲያውም ልክ ነበረች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሱቁ ደጃፍ ላይ ሦስት ሺህ ሰው ተሰለፈ። ቆጣሪው ጎሹ ነው። ከፊት ጋሼ ጀማነህ ቆመዋል፤ ከስደተኛ ካምፕ መጥተው ቤት የገዙ፣ ልጅ የዳሩ፣ ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ የሚለብሱትን ሱፍ ለብሰው ከነክራባታቸው። አጠገባቸው አንዋር የስድስቱን ወንድሞቹን ፎቶ በፖስታ ይዞ፣ ከኋላው ሚስቱ ኸይሪያ ሳምቡሳ የሞላ ትልቅ ትሪ በፎጣ ሸፍና፤ ወረፋ ባዶ እጅ አይኬድም ብላ ነው። ከእሷ ጎን ፎረስት ፓርክ ቤታቸው ውስጥ ሕፃናት የሚጠብቁት እትዬ ማንያህልሻል።

ሀሴት በመስታወቱ አየቻቸውና ከዩኒፎርሟ የባሰ አረንጓዴ ሆነች።

"ዳድ። ዋት ዲድ ዩ ዱ?"

"እኔ ምን አደረግኩ?"

"ለምን ፎቶ ይዘዋል?"

ጎሹ የአንዋርን ፖስታ ሲያይ ነገሩ ገባው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን ነገር ለማሳነስ ወጣ።

"ስሙኝ ወገኖቼ፣ ይሄ ምንም አይደለም" አለ እጁን አንስቶ። "የትምህርት ቤት ሥራ ነው። ጨዋታ ነው። ማንም የትም አይገባም።"

ሰልፈኛው እርስ በርሱ ተያየ። ጎሹ የዶሮ ቤቱን ቪላ የሚያደርግ ሰው ነው። እሱ ራሱ ምንም አይደለም ካለ ነገሩ ምን ያህል ትልቅ ቢሆን ነው? አንዋር ወደ ጋሼ ጀማነህ ጆሮ ጠጋ አለ።

"ሰው እንዳይበዛባቸው ነው" አለ በሹክሹክታ። "ቶሎ እንግባ።"

ገቡ። ሀሴት ሌላ ምርጫ አልነበራትም፤ ከጠረጴዛዋ ኋላ ቆማ ፈገግታዋን ለበሰች። ጋሼ ጀማነህና አንዋር ከሁለቱ መተላለፊያዎች ፊት ጎን ለጎን ቆሙ። በላያቸው ያለውን ቀጭን ጽሑፍ አንድም ሰው አላነበበውም። ወረፋ ላይ ማንበብ ከፊት ያለው ሰው ሥራ ነው፤ ከፊት ያሉት ደግሞ ሌላ ነገር ይዘው ነበር።

"ይቅደሙ፣ ጋሼ" አለ አንዋር።

"ኧረ አንተ ቅደም። ወጣት ነህ፣ ሥራ አለህ።"

"እርስዎ እያሉ? ምን በወጣኝ።"

"በሞቴ።"

"ሞት አያንሱብኝ፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ወንድሞችህን አስብ። አንተ የስድስት ሰው ፎቶ ይዘሃል፣ እኔ የያዝኩት መነጽሬን ነው።"

"ወንድሞቼ እርስዎን ቀድሜ መግባቴን ቢሰሙ ስልኬን አያነሱም።"

ከጣሪያው ማር የመሰለችው ድምፅ በእንግሊዝኛ "እባክዎ ወደፊት ይራመዱ፤ ወንዙ እየጠበቀ ነው" አለች።

"ሰማህ፣ ግባ አለችህ።"

"እርስዎን ነው፤ አነጋገሯ የአክብሮት ነው።"

አሁን ጋሼ ጀማነህ የአንዋርን እጅጌ ይዘው ወደፊት ይገፋሉ፣ አንዋር የጋሼ ጀማነህን ክንድ ይዞ ወደፊት ይገፋል፤ ሁለቱም እኩል ስለሚገፉ ሁለቱም ባሉበት ናቸው። ከኋላቸው እትዬ ማንያህልሻልና ኸይሪያ ጀምረዋል። "አንቺ ትሪ ይዘሻል፣ ቅደሚ" ሲሏት "ትሪውን ይዤ እርስዎን ልቅደም?" ትላለች። ከእነሱም ኋላ ሌሎቹ። ሁሉም አጠገቡ ያለውን ለማሳለፍ አንድ አንድ እርምጃ ወደኋላ ስለሚል ሰልፉ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። ወደፊት የሚሄድ ወረፋ ሁሉም አይቷል፤ የኋሊት ሄዶ ፓርኪንጉ ውስጥ የገባ ወረፋ ግን በዓለም ታሪክ ያን ቀን ብቻ ነው የታየው።

ጎሹ ጥግ ላይ ቆሞ ያልበዋል። ያ ሁሉ የአገር ልጅ፣ የዕድሜ ልክ ወሬውን የሰማ ሕዝብ፣ በሩን ሊያይ መጥቶ በሩ ዝም። እጁ ሳያውቀው ኪሱ ገባና ሪሞቷን ጨበጠ። ጫን ቢላት ሁለቱም በሮች በአንዴ ወለል ይሉ ነበር፤ ጭብጨባውም ይሰማው ነበር። ያኔ ነው በሱቁ የጎን በር ፕሮፌሰሯ የብስክሌት ቆቧን ይዛ ስትገባ ያየው።

ሀሴትም አየቻት። አባትና ልጅ ዓይን ለዓይን ተገናኙ። ሁለቱም የሚያውቁት አንድ ነገር ነበር። ይህ ሁሉ "ቅደም፣ አልቀድምም" እምቢታ አይደለም፣ ጨዋነት ነው። ጨዋነት ደግሞ መጨረሻው ይታወቃል። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ እምቢ ይላል፣ ከዚያ ተሸንፎ ይገባል። ጋሼ ጀማነህ ከገቡ አንዋር ላይ በሩ ይዘጋል፣ ሰው ይስቃል፣ የሀሴትም ነገር አበቃ።

ጋሼ ጀማነህ ተነፈሱ። ክራባታቸውን አስተካከሉ።

"እሺ፣ ካልክ" አሉ።

እግራቸውን አነሱ። ሀሴት ዓይኗን ጨፈነች። እግሪቱ አየር ላይ እንዳለች ጋሼ ጀማነህ እንደ ደንቡ አንገታቸውን ወደ አንዋር መለስ አደረጉና "በል ተከተለኝ" አሉት።

"አይችልም" አለች ሀሴት።

በአማርኛ ነበር የተናገረችው፤ ዓይኗንም ገልጣለች። አሁንም ግን እንደ መሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ቀጥ ብላ ነው የቆመችው።

"ምን አልሽ ልጄ?"

"እሱ አይገባም። ወንዙ ለአንድ ሰው ነው የሚበቃው ይላል። እርስዎ ከቀደሙ የእሱ በር ይዘጋል።"

"እሱስ የት ይሄዳል?"

"ወደመጣበት። ወደ ሙቀቱ።"

"እኔ ስለቀደምኩ?"

"አዎ። ስለ ምድር ስንል።"

የጋሼ ጀማነህ እግር አየር ላይ ቀረች። ጎሹ እንደሚለው ግማሽ ሰዓት ቆይታለች፤ ጫማቸው ሥር ሸረሪት ድር ልትሠራ ጀምራ ነበር።

"እኔ እኮ ልቅደም ያልኩት ይከተለኛል ብዬ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ቅደሙ የሚል ሰው 'ከኋላዎ አለሁ' ማለቱ እንጂ 'እኔ ልቅር' ማለቱ ነው እንዴ?"

እግራቸውን ቀስ ብለው መለሱና ከመስመሩ ወዲህ አሳረፏት። ከዚያ በሩን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ቅጠሉን፣ ጽሑፉን፣ ወፎቹ የሚዘምሩበትን ጣሪያ።

"እንዲህ ያለ በር አውቃለሁ" አሉ። "ሱዳን ካምፕ ሳለን። ያኛው ቀለም አልነበረውም፣ ወፍም አይዘምርበትም። ሰውየው ጠመንጃ ይዞ ነው 'አንድ ሰው ብቻ' ያለን። ቢያንስ ምን እንደሆነ ይታወቅ ነበር።"

ኸይሪያ ትሪዋን ለእትዬ ማንያህልሻል ሰጥታ ወደ ፖስተሩ ሄደች። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳችና በጣቶቿ ከፈት ከፈት አድርጋ አጎላችው።

"አንዋር፣ ና እስቲ። ጉንዳን የመሰሉኝ ሰዎች ናቸው።"

አንዋር መጥቶ አየ። ፖስታውን በደረቱ ያዘ። "ተሰልፈዋል" አለ።

"በይ ልጄ" አሉ ጋሼ ጀማነህ ወደ ሀሴት ዞረው፣ ለጸሐፊ እንደሚነገር በትሕትና። "በዚህ በር አንገባም። ሁላችንም የምንገባበት ቀን ጥሪን።" ከዚያ እዚያው ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ሱፋቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ። አንዋር አጠገባቸው ተቀመጠ። እትዬ ማንያህልሻል ፎጣውን ገለጡ፤ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይርበዋል ብለው ሳምቡሳውን ያዞሩ ጀመር።

በዚህ መሀል ከሰልፉ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ጎሹ፣ በርህ አልከፈት አለ እኮ" አለ።

ሁሉም ወደ ጎሹ ዞረ። ጎሹ በዘመኑ የመቶ ኪሎ በር በአንድ ትከሻው ይሸከም ነበር፤ ሁለት መቶም ይሆናል። እንደዚያች የጣት ርዝመት ያላት ሪሞት ግን የከበደው ነገር የለም። ሀሴትን አያት። ራሷን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ጎሹ እጁን ባዶውን ከኪሱ አወጣ።

"አዎ" አለ። "አልከፈት ብሏል።"

የሚቀጥለውን ወሬ ጠበቁ። ቀጣይ አልነበረም።

"ጋሽ ጎሹ" አለ አንዋር ከአግዳሚው ሆኖ፣ "አሞሃል እንዴ?"

ከውጭ አንድ አሜሪካዊ ባልና ሚስት አይስክሬማቸውን ይዘው ገቡ። እንደ ሌላው ቀን ሊሻሙ እግራቸውን ሲያሰናዱ፣ ግድግዳው ሥር በክት ልብሱ የተቀመጠውን ሕዝብ አዩና ግራ ገባቸው። ሴትዮዋ ምን እየጠበቃችሁ ነው ብላ ጠየቀች። እትዬ ማንያህልሻል ሳምቡሳ እየዘረጉላት "ኦል፣ ኦር ኖባዲ" አሏት። ሰውየው ቀና ብሎ ያን ቀጭን ጽሑፍ አነበበ። ድጋሚ አነበበ። ከዚያ ሚስቱን እጇን ያዘና ከእትዬ ማንያህልሻል ጎን ቦታ ፈለጉ። ከእነሱ በኋላ የመጡትም እንዲሁ፤ ወንበር ሲጠፋ መሬት ላይ።

ፕሮፌሰሯ በሩንና ሰዎቹን ስታይ ቆየች። በመጨረሻ ኮቷ ላይ ያለውን የቅጠል ፒን ፈታችና የሀሴት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

"እኔም በመክፈቻው ዕለት ተሻምቼ ገብቻለሁ" አለች። "ባሌን ቀድሜ። ልብ አላልኩትም።" ከዚያ ሀሴትን በሁለት እጇ ትከሻዋን ያዘቻት። "አልፈሻል።" ወደ ጎሹም ዞራ "በሩን ግን እንዳትነካው፣ እንዳለ ይሁን" አለችው።

ጎሹ ይህን እንደ ኖቤል ሽልማት ነው የተቀበለው። በር ሰቃይ ሁሉ በሩ ስለተከፈተ ይመሰገናል፤ ባለመከፈቱ የተመሰገነ በር የሠራ ሰው ከአሜሪካ ከካናዳም ቢፈለግ እሱ ብቻ ነው።

ለመዝጋት ሲሰናዱ አንዋር ወደ ሀሴት ጠጋ አለ።

"እና ዕጣው ምንም የለም?"

"የለም። ይቅርታ" አለችው። ፖስታውን አየችና አሰበች። "ፎቶዎቹን ግን ልትሰጠኝ ትችላለህ?"

ሰጣት። ስድስቱን ወንድሞች አንድ በአንድ ፖስተሩ ላይ፣ ከአጥሩ ወዲያ፣ ጉንዳኖቹ በነበሩበት ቦታ ለጠፈቻቸው። ፀጉራቸውን የተቆረጡ፣ ሸሚዛቸው እስከ አንገት የተቆለፈ፣ ለካሜራ ትንፋሻቸውን የያዙ ስድስት ጎልማሶች። ይህን ያዩት ሌሎቹም ይዘው የመጡትን አወጡ። ብዙም ሳይቆይ አጥሩ በሰው ፎቶ ተሸፈነ፤ እናትየዋና ልጇ ከዛፉ ሥር ሆነው አሁን የሚስቁት ብቻቸውን አልነበረም፣ ከኋላቸው የሚያያቸው ሰው ነበር።

"በቃ ኮል አደርግላቸዋለሁ" አለ አንዋር ራቅ ብሎ እያየ። "እናንተ ቆዩ፣ ፎቶአችሁ ኦሃዮ ገብቷል እላቸዋለሁ።"

በሳምንቱ ጎሹ ጎማ ቤት አሮጌ ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሀሴት የቫኑን ጎማ ልታስሞላ አብራው መጥታለች፤ በሩ ጋ ቆማ ስልኳን ትነካካለች። ጎሹ ወሬውን ከመነሻው ጀምሮ እስከ ጋሼ ጀማነህ እግር ካደረሰ በኋላ እጁን ዘረጋ።

"ሦስት ሺህ ሰው" አለ። "ሦስት ሺህ ሰው ነው በልጄ በር አንገባም ያለው።"

ጎማ ቤቱ እንደ ልማዱ ወደ ሀሴት ዞረ። አንዋር ማካፈሉን በሆዱ ጀምሯል። ጎሹም "ዳድ፣ ኖ" የምትለዋን እየጠበቀ አንገቱን ሰበር አደረገ።

ሀሴት ከስልኳ ቀና አለች።

"አራት ሺህ ነበርን" አለች፣ ጥርት ባለ አማርኛ። "አባዬ ፓርኪንግ ውስጥ የገቡትን አልቆጠራቸውም።"

ያን ቀን ለአሥር ያካፈለ ሰው አልነበረም።